ቀይ መስቀል ፈቃድ አይሰጥም

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ ወታደሮች የተጻፈ አንድ ጽሑፍ እጄ ገባ። የሚያወራው ቤተሰብ ሲታመም ስለሚወሰደው የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ነው። የጸሐፊው ክርክር ሲጨመቅ እንዲህ ይላል። ፈቃዱ እንደ ዘበት ይሰጣል። ለቀይ መስቀል አንድ ስልክ ከተደወለ አለቀ። ወታደሩ በግብር ከፋዩ ገንዘብ ተጨማሪ ዕረፍት ያገኛል። አክስትም አያትም ሰበብ ይሆናሉ። በቪዲዮ መነጋገር በሚቻልበት ዘመን ደግሞ ሐኪም ያልሆነ ሰው አልጋ አጠገብ መቆሙ ምንም አይፈይድም። የሚጎዳው ግዳጁ ነው፤ ሸክሙም ጓዶቹ ላይ ይወድቃል። ስለዚህ ለሕመም የሚሰጠው ይቅርና ለሞት ብቻ ይሁን።

እኔ ወታደር ሆኜ አላውቅም። ታናሽ ወንድሜ ግን በምድር ጦሩ ውስጥ ነው። አባታችን የታመመ ጊዜ እሱ የነበረው ከአሜሪካ ውጭ ባለ አንድ የጦር ሰፈር ነው። ስልክ ስትደውል ያደረችው እኔ ነኝ። ጸሐፊው ቀላል ያሉት ነገር ምን ያህል ቀላል እንደሆነ ያየሁትም ያኔ ነው። እንግዲህ ተራ በተራ ልሂድ።

በመጀመሪያው ነጥብ ልጀምር፤ ሌላው ሁሉ የቆመው እሱ ላይ ነውና። ቀይ መስቀል ለማንም ወታደር ፈቃድ ሰጥቶ አያውቅም። መስጠትም አይችልም። የአሜሪካ ቀይ መስቀል የጦሩ አካል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1881 የተመሠረተ የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ኮንግረስ በ1905 የሰጠው ቻርተር ግን አንድ ልዩ ኃላፊነት አሸክሞታል። በሕዝቡና በጦሩ መካከል የመገናኛ ድልድይ እንዲሆን። ዛሬም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ቤተሰብ ይደውላል። ድርጅቱ ነገሩን ከሆስፒታሉ ወይም ከሚያክመው ሐኪም ያጣራል። ያጣራውን ጽፎ ለወታደሩ አዛዥ ይልካል። እዚያ ላይ ሥራው አበቃ። «ይሂድ» ወይም «አይሂድ» የሚለው አዛዡ ነው።

አዛዡ ደግሞ እምቢ ማለት ይችላል። ይህን ጸሐፊው ጨርሶ አላነሱትም። የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ወታደሩ ደረቱን ነፍቶ የሚጠይቀው መብት አይደለም። አዛዡ የቤተሰቡን ሁኔታና የግዳጁን ሁኔታ መዝኖ የሚወስነው ነገር ነው። ሊያዘገየው ይችላል፤ ቀኑን ሊያሳጥረው ይችላል፤ ሊከለክለውም ይችላል። በሌላ በኩል አዛዡ ነገሩ እውነት መሆኑን በሌላ መንገድ ካረጋገጠ የቀይ መስቀልን መልእክት ሳይጠብቅ ሊፈቅድ ይችላል። በሁለቱም በኩል ሥልጣኑ የእሱ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። አባባ ዓርብ ማታ ስትሮክ መታው። ሆስፒታል ካስገባነው በኋላ መጀመሪያ ያደረግነው ለወንድሜ በቀጥታ መደወል ነው። ማንም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። እሱም ወዲያው አለቃው ዘንድ ሄደ። ሳጅኑ ክፉ ሰው አልነበረም። አዘነለት። ግን ከወንድሜ አፍ ከሰማው በቀር በእጁ የያዘው ነገር አልነበረም። ወንድሜ መልሶ ደወለልኝ። «እትዬ፣ ለቀይ መስቀል ደውሉ እያሉኝ ነው» አለኝ።

እውነቱን ልናገር፤ የተሳሳተ መስሎኝ ነበር። ለእኔ ቀይ መስቀል ማለት ደም የሚለገስበት ቦታ ነው። ምን አገናኘው? እናም እሱን ትቼ ሆስፒታሉን ያዝኩት። አንድ ደብዳቤ ጻፉልኝና በኢሜይል ልላክለት አልኩ። ስለ ታማሚ መረጃ ለማንም አንሰጥም አሉኝ። አባቴ ነው ብል፣ ወንድሜ ወታደር ነው ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ቅዳሜ እንዲሁ አለቀ።

እሑድ ጠዋት ነው በመጨረሻ የደወልኩት። ቁጥሩ 877-272-7337 ነው። በነጻ ነው፤ ሌሊትም በዓልም የለውም፤ ሁልጊዜ ሰው ያነሳዋል። ያነሳችልኝ ሴት በትሕትና ጠየቀችኝ። የወታደሩ ሙሉ ስም? አውቃለሁ። የልደት ቀን? አውቃለሁ። ማዕረግ? እዚህ ጋ ትንሽ ተንተባተብኩ። በየትኛው ክፍል ነው የተመደበው? ዝም አልኩ። የገዛ ወንድሜ የሚያገለግልበትን ክፍል ስም አላውቅም ነበር። ያለበትን አገር አውቃለሁ፤ የሚወደውን ምግብ አውቃለሁ፤ የክፍሉን ስም ግን አላውቅም። ሁለት ሦስት ስልክ ተደውሎ እሱ ተገኘ። የሆስፒታሉን ስምና የሐኪሙን ስልክ ሰጠሁ። የቀረውን እነሱ ጨረሱት። መልእክቱ በዚያው ቀን አዛዡ ዘንድ ደረሰ። ወንድሜ ማክሰኞ ከች አለ።

ሂሳቡን አስሉት። ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ጠዋት የጠፋው ጊዜ ያለአግባብ በተሰጠ ፈቃድ የጠፋ አይደለም። እኛ ባለማወቃችን የጠፋ ነው። ጸሐፊው በሩ ወለል ብሎ የተከፈተ ነው ይላሉ። እኔ ግን በሩ የት እንዳለ ለማወቅ ብቻ ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል።

ወደ ሁለተኛው ነጥብ፣ ተጨማሪ ዕረፍት ወደሚለው። ይህ በቁጥር የሚመለስ ስለሆነ አይከብድም። የአሜሪካ ወታደር በወር 2.5 ቀን፣ በዓመት 30 ቀን ፈቃድ ያጠራቅማል። የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ የሚቆረጠው ከዚያው ላይ ነው። በአንድ ጊዜ እስከ 30 ቀን ሊሰጥ ይችላል፤ ግን የራሱ ፈቃድ ነው። የተጠራቀመው ካለቀበት ገና ካልደረሰበት ፈቃድ ይበደራል። ሳይከፍል ከጦሩ ከወጣ ከደመወዙ ይቆረጣል። ከዚያም ካለፈ ደመወዝ የለም። ስሙ «የአስቸኳይ ጊዜ» ስለተባለ ብዙ ሰው ከላይ የሚጨመር ይመስለዋል። ወንድሜም እንደዚያ መስሎት ነበር። በኋላ የደመወዝ ደረሰኙን ሲያይ ነው የገባው።

በርግጥ በሕጉ ውስጥ ከዓመት ፈቃድ የማይቆረጥ አንድ ቀዳዳ አለ። ጸሐፊው ይህን ጠቅሰው ቢሆን ኖሮ ክርክራቸው በተጠናከረ ነበር፤ እኔ ልጥቀስላቸው። ከ14 ቀን አይበልጥም። አንድ ወታደር በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ አንዴ ብቻ ነው የሚያገኘው። የሚሰጠውም ፈቃዱ አልቆበት ዕዳ ውስጥ እንዳይገባ ብቻ ነው። ለዚያውም ችግሩ ከወታደሩ ሌላ በሆነ ገለልተኛ ምንጭ መረጋገጥ አለበት። እንዲህ ያለ ነገር ዕረፍት ከተባለ እንግዲህ ምን ይባላል።

የመንግሥት ወጪ የሚለውም ግማሽ እውነት ነው። ከአገር ውጭ ተመድቦ የሚያገለግል ወታደር የጉዞ ወጪው ሊሸፈንለት ይችላል። አሜሪካ ውስጥ ያለው ግን በአብዛኛው ትኬቱን የሚቆርጠው ከኪሱ ነው። በወታደራዊ አውሮፕላን ክፍት ወንበር ከተገኘ በአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ላይ ያሉት ከሁሉም ቀድመው ይሳፈራሉ። ክፍት ወንበር ከሌለ ግን የለም። ገንዘብ የቸገረው ወደየጦር ክፍሉ የመረዳጃ ድርጅት ይሄዳል። ለባሕር ኃይሉና ለማሪኑ ከ1904 ጀምሮ የኖረ አለ፤ የምድር ጦሩና የአየር ኃይሉ በ1942 ተቋቋሙ። የሚሰጡት ብዙ ጊዜ ወለድ የሌለው ብድር ነው፤ አንዳንዴም ዕርዳታ። ገንዘባቸውም የሚመጣው ከወታደሮቹ ከራሳቸው መዋጮና ከሌሎች ልገሳዎች ነው። ግብር ከፋዩ እዚህ ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጸሐፊው ወታደሩ ከሲቪሉ የተለየ ጥቅም አለው ዓይነት ነገር ብለዋልና። ሲቪሉ ሠራተኛ በ1993 የወጣ ሕግ አለው። መሥፈርቱን ካሟላ ወላጁ፣ የትዳር ጓደኛው ወይም ልጁ በጠና ሲታመም በዓመት እስከ 12 ሳምንት ያለ ደመወዝ ቀርቶ ወደ ሥራው መመለስ ይችላል። አሠሪው ሊከለክለው አይችልም። በንቁ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር በዚህ ሕግ አይሸፈንም። ሲቪሉ ደግሞ ሌላው ሁሉ ቢቀር «ሥራችሁን ያዙት» ብሎ መውጣት ይችላል። ወታደሩ እንዲያ ቢያደርግ በወታደራዊ ሕግ አንቀጽ 86 ይከሰሳል። ከ30 ቀን በላይ ከቀረ እንደ ከዳተኛ ይመዘገባል። ታዲያ ማን ነው ጥቅም ያለው?

አክስትና አያት። እዚህ ላይ ጸሐፊው በቀላሉ ተሳስተዋል። ደንቡ የሚያውቀው የቅርብ ቤተሰብን ነው። ወላጅ፣ የትዳር ጓደኛ፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት። አክስት፣ አጎት፣ አያት በተለምዶ የሉበትም። በአብዛኛው የሚገቡት በወላጅ ቦታ ሆነው ወታደሩን ካሳደጉት ነው። እሱንም ማስረዳት የወታደሩ ፈንታ ነው። አያት ጋ ያደጉ ስንት ልጆች እንዳሉ እናውቃለን። የአባትና የእናት ወጉን የሠሩላቸው እነዚያ አያቶች ናቸው። ደንቡ ለእነሱ ትንሽ መስኮት መተዉ ሊያስወቅሰው አይገባም። እንዲያውም መስኮቱ ጠባብ ነው ባይ ነኝ።

ማንኛውም ሕመምም አይበቃም። በሞት አፋፍ ያለ፣ ድንገተኛ አደጋ፣ ሊቆይ የማይችል ከባድ ቀዶ ሕክምና፣ እንዲህ ያለው ነው የሚታየው። ቀጠሮ የተያዘለት ቀላል ሕክምና ወይም ጤናማ ወሊድ በዚህ አይስተናገድም። ለወሊድ እ.ኤ.አ. ከ2023 መግቢያ ጀምሮ የ12 ሳምንት የወላጅ ፈቃድ ራሱን ችሎ አለ። ቢዋሽስ ላሉት ደግሞ፣ ማጣሪያው የተቀመጠው ለዚሁ ነው። ወታደር አለቃውን በሐሰት ቃል ካታለለ በራሱ ወንጀል ነው። ይህን አላራዝመውም።

ያበሳጨኝ ነጥብ የሚቀጥለው ነው። ሐኪም አይደለም፣ ምን ሊሠራ ይመጣል የሚለው።

አባባ ከመታመሙ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ወረቀት ፈርሞ ነበር። ራሴን ችዬ መናገር ባልችል ስለ ሕክምናዬ የሚወስንልኝ ልጄ ነው የሚል። ያ ልጅ ወንድሜ ነው። ለምን እኔን ትቶ እሱን እንደመረጠ አልጠየቅሁትም፤ እሱ ሌላ ጨዋታ ነው። ብቻ ቅዳሜ ዕለት ሐኪሞቹ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ወረቀቱ ነበር የሚያዩት። መዋጥ አልቻለም፤ ቱቦ ይግባለት ወይ? ሁኔታው ቢባባስ በመሣሪያ ይተንፍስ ወይ?

በቪዲዮ ሞከርን። ጸሐፊው እንዳሉት ስልክ አለ፣ ኢንተርኔት አለ። የእኛ ከሰዓት ለእሱ ሌሊት ነው። ሐኪሙ የሚገኘው ለአሥር ደቂቃ ነው። መስመሩ ይቆረጣል። ወንድሜ በስልኩ ስክሪን የሚያየው የአባባን ግማሽ ፊትና የክፍሉን ጣሪያ ነው። «እሺ በሉ ወይስ እምቢ በሉ ልበል? ምን እያየሁ ነው የምወስነው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ማክሰኞ መጥቶ እጁን ይዞት ተቀመጠ። አባባ ጨበጥ አደረገው። በግራ እጁ። ሐኪሙ ያን ጊዜ የነገረውን ነገር ሦስቴ አስደግሞ ጠየቀ። ከዚያ ወሰነ። ሐኪም ስለሆነ አይደለም የተፈለገው። ልጅ ስለሆነ፣ እንዲወስን የተመረጠውም እሱ ስለሆነ ነው።

የእኛ ብቻ አይምሰላችሁ። እናት ስትታመም ትንንሽ ልጆች የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። የትዳር ጓደኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ሲገባ ቤቱ የሚተወው ለማን ነው? ወታደር ቤተሰብ ደግሞ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ከቦታ ቦታ ስለሚዛወር ጎረቤትም ዘመድም አጠገቡ የለም።

ለሞት ብቻ ይሁን የሚለውን ሐሳብ እዚሁ ላይ ባነሳው ይሻላል። ለቀብር የሚመጣ ሰው ምንም አይወስንም። አልቅሶ ይመለሳል። ከሁለቱ ለቤተሰብ የሚጠቅመው የትኛው ነው? ለእኔ በሕይወት እያለ የመጣው ነው። ለዚያውም ሐኪም የሞትን ቀን ቆርጦ አይናገርም። «ሊሆን ይችላል» ነው የሚለው። በዚያች «ይችላል» ውስጥ ነው አዛዡ መወሰን ያለበት።

ግዳጁ ይጎዳል፣ ጓዶቹ ይሸከማሉ የሚለውን ግን አላጣጥልም። እውነት አለው። ሰው ሲጎድል ጥበቃው ለቀሩት ይደራረባል። ወንድሜ ራሱ ሌሎች ሲሄዱ የእነሱን ተራ ሸፍኖ ያውቃል። ሲናገር ግን ቅሬታ አልሰማሁበትም። «ነገ የእኔ ተራ ነው» ነበር የሚለው። ደግሞ የማይሄደውስ ሰው ምን ዓይነት ወታደር ይሆናል? አባቱ እያጣጣረ መሣሪያ ይዞ የሚቆም፣ ተሽከርካሪ የሚነዳ፣ የሌላ ሰው ገመድ የሚይዝ ሰው አጠገባችሁ እንዲቆም ትፈልጋላችሁ? አዛዦች የሚፈቅዱት ስለሚያዝኑ ብቻ አይመስለኝም። ሐሳቡ የሌለ ሰው እንደሌለ ስለሚቆጠር ነው።

ሕመሙ የሚራዘም ከሆነ ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ወታደሩ ወደ ቤተሰቡ ቅርብ ወደሆነ ምድብ እንዲዛወር ማመልከት ይችላል። የምድር ጦሩም የባሕር ኃይሉም ለዚህ የተዘጋጀ አሠራር አላቸው። ጭራሽ መፍትሔ ከጠፋ በቤተሰብ ችግር ምክንያት ከጦሩ መሰናበትም አለ። ጦሩ ይህን ሁሉ ያበጀው ደግ ስለሆነ ነው ብዬ አልከራከርም። ያሠለጠነውን ሰው ማጣት ስለማይፈልግ ነው።

ጸሐፊው የእንግሊዝን ጦር እንደ ጥብቅ ምሳሌ ማንሳታቸው ግን ትንሽ አስቆኛል። እንግሊዞች ቀይ መስቀልን ሳይጨምሩ ሥራውን ራሳቸው ይሠሩታል። ኢንስዎርዝ የሚባል ቦታ ሌት ተቀን የሚሠራ የጋራ ማዕከል አላቸው። ቤተሰብ ለማዕከሉ ይደውላል፤ ማዕከሉ ከሐኪሞች ጋር ያጣራል፤ የጉዞውንም ነገር ያመቻቻል። ለሕመምም ይፈቅዳሉ። ከአሜሪካው የሚለየው ቤተሰቡ የት እንደሚደውል ገና ከመጀመሪያው የሚያውቅ መሆኑ ላይ ይመስለኛል።

ጸሐፊው ያላነሱት፣ እኔ ግን የማነሳው ቅሬታ አለ። ሁሉ ነገር በአዛዡ እጅ መሆኑ ዕድል ያደርገዋል። አንዱ አዛዥ በሰዓታት ውስጥ ይፈርማል። ሌላው ለዚያው ዓይነት ሕመም «እስኪ እንየው» ብሎ ሦስት ቀን ያቆያል። የወንድሜ ጓደኛ እንዲያ ደርሶበታል። ደንቡ አንድ ነው፤ አንባቢው ግን ብዙ። ጸሐፊው ብዕራቸውን እዚህ ላይ ቢያሳርፉት ኖሮ አብሬያቸው እቆም ነበር።

ወላጆቻቸው ከአሜሪካ ውጭ ላሉ ወታደሮች ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ማጣራቱ ጊዜ ይወስዳል። ሐኪሙ ስልክ ላያነሳ ይችላል። የሰዓት ልዩነት አለ። ወታደሩ ወደ ሌላ አገር ለመሄድ የተለየ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የሚሄድበት አገር የጸጥታ ሁኔታም ይታያል። ፓስፖርቱ ጊዜው ካለፈበት እዚያው ቀረ ማለት ነው። ልጁ ጦር ውስጥ ያለ ሰው ይህን ካነበበ ዛሬውኑ ይደውልለትና ፓስፖርቱን ይጠይቀው። የሚያክመው ሐኪም ስምና ስልክም በእጅ ይኑር። ታማሚውም ሆነ ቤተሰቡ ለሆስፒታሉ «ከቀይ መስቀል ሲደወል ንገሯቸው» ብሎ አስቀድሞ ቢፈቅድ ብዙ ነገር ይቀላል። እኔ ይህችን ባለማወቄ ነው ቅዳሜን ሙሉ ከእንግዳ ተቀባይዋ ጋር ስከራከር የዋልኩት።

አባባ አሁን ደህና ነው። ንግግሩ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም፤ በግራ እጁ ግን አሁንም ጠንከር አድርጎ ይጨብጣል። ወንድሜ የመጀመሪያው ፈቃዱ ሲያልቅ ማራዘሚያ ጠይቆ ጥቂት ቀን ተጨመረለት፤ ከዚያ ተመለሰ። እስከ ቀጣዩ ዓመት አጋማሽ ድረስ አንድም የዕረፍት ቀን አልነበረውም።

ማቀዝቀዣችን በር ላይ አሁን አንድ ወረቀት ተለጥፏል። ሙሉ ስም፣ ማዕረግ፣ የልደት ቀን፣ የክፍሉ ስም፣ የቀይ መስቀል ቁጥር። ባለፈው ወር ስለተዛወረ የድሮው ክፍል በእስክሪብቶ ተሰርዟል። አዲሱን ከሥሩ የጻፈችው እናቴ ናት፤ አንዱን ፊደል ተሳስታ እንደገና ደውላ አስተካክላዋለች።